ስምንተኛዋ ጥይት

በመርል ዳንክሊ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ እጁ የጥይት መሥሪያው መጫኛ እጀታ ላይ ያረፈን ሰው ማንም አያናግረውም። ተሳስቶ ቃል የተነፈሰ ካለ፣ ሥራ ላይ የነበረው ሰው የያዘውን ቀለሃ ገልብጦ ባሩዱን ወደ ዕቃው ይመልስና ከሀ ይጀምራል። አንድ ጎረቤት «ቤቱ እየተቃጠለ ቢሆንስ?» ብሎ ሊያፋጥጣት ሞክሮ ነበር። «መጀመሪያ ባሩዱን ይመልሳል፤ ከዚያ ይሮጣል» አለችው መርል፣ ሳትስቅ።

ቲልዳ ኖርክሮስ ጋራዡን የወደደችው በዚህ ሕግ የተነሳ ነው። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። አሥራ ስድስቱን የጨረሰችው ኖርዌይ ነው፤ ብረት በሙቀትና በብርድ ምን እንደሚሆን ስትማር፣ ቀጥሎም ስታስተምር። ወደ ተወለደችበት ወደ ማራንዱ፣ ወደዚያ የፖምና የወይን ደጋ ከተመለሰች ሦስት ዓመት ሆኗታል። በከተማው ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። ሰዉ ግን ዛሬም ዳቦ ቤት ሲያገኛት «መቼ ነው የምትመለሺው?» ይላታል።

«ተመልሻለሁ እኮ።»

«አይ፣ ወደዚያ ማለቴ ነው።»

መልሱን እሷም ራሷ የማታውቅበት ቀን ነበር። ሻንጣዋን ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቅላው አታውቅም፤ አልጋዋ ሥር፣ እጅ በሚደርስበት ነው ያለው።

ጋራዡ ውስጥ ግን እንዲህ የሚጠይቅ አልነበረም። መርል ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ፖም ስታሽግ ኖራ ጣቶቿ ተጣመዋል፤ መተኮስም ትታለች። ጥይት መሥራት ግን አልተወችም። የተኩስ ክለቡ ሰዎች አንዴ እጀታ በሳቡ ቁጥር ያለቀ ጥይት የሚተፋ ማሽን ገዝተዋል። የመርል መጫኛ ግን አንድ ክንድ ያለው አሮጌ ብረት ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል። የተተኮሰውን ቀለሃ ወደ ልኩ ይመልሳሉ፤ ቂጡ ላይ አዲስ መለኮሻ ይከታሉ፤ ባሩዱን በሚዛን ይመዝናሉ፤ አረሩን አናቱ ላይ ጫን አድርገው ይገጥማሉ። ከዚያ ሌላ ቀለሃ።

የካቲት ነበር። የጋራዡ ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ሠላሳ ስምንት ይላል። ቲልዳ የሐምሌውን ውድድር ጥይት ልትጀምር ነው።

የሐምሌው ውድድር የክፍለ አገሩ፣ የኩዊንስላንድ ቡድን የሚመረጥበት ነው። በቲልዳ ዓይነት ሽጉጥ ወንበሩ አራት ነው። ሽጉጧ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ባለ ቀዳዳ ብረት ተገጥሞለታል፤ ያ መተንፈሻ የባሩዱን ጋዝ ወደ ሰማይ እየተፋ አፈሙዙ ሽቅብ እንዳይዘል ቁልቁል ይይዘዋል። ለሌላው ሰው ወንበሩ ወንበር ነው። ለቲልዳ ግን ለዳቦ ቤቱ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነበር። ደረቱ ላይ የአገሩ ስም የተጻፈበትን ሸሚዝ የለበሰን ሰው መቼ ትሄዳለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

«ስንት ልታደርጊው ነው?» አለች መርል፣ የቲልዳ እጅ ከእጀታው መነሳቱን አይታ።

«መቶ ስልሳ አንድ ተኩል።»

መርል መነጽሯን አወለቀች። የአረሩ ክብደት፣ ግሬን በሚባለው ትንሽ መለኪያ ተመዝኖ፣ በፍጥነቱ ተባዝቶ ለሺህ ሲካፈል መቶ ስልሳ መምጣት አለበት። የደረሰ ሰው ከፍተኛ ይባላል፤ ከዒላማው መሃል ወጣ ብላ ያረፈች ጥይቱ አራት ነጥብ ታመጣለታለች። ያልደረሰ ዝቅተኛ ነው፤ ያቺው ጥይት ሦስት ብቻ ታመጣለታለች። መሃሉን የመታች ግን ለሁለቱም አምስት ናት። ለዚህ ነው ሁሉም ሰው ከመቶ ስልሳ በላይ ጠርቀም አድርጎ የሚሠራው።

«መቶ ስልሳ አምስት አድርጊው» አለች መርል።

«የማያስፈልግ ባሩድ ሁሉ እጄን ነው የሚመታኝ። ሕጉ የሚለው መቶ ስልሳ ነው።»

«ሕጉ መቶ ስልሳ ይላል። መርል ደግሞ መቶ ስልሳ አምስት ትላለች።»

«ለምን?»

«ሰማይ ስላለ።»

«ይሄ እኮ መልስ አይደለም መርል።»

«አይደለም። እውነት ግን ነው።» መነጽሯን መልሳ አጠለቀች። «በይ ሥሪ። አንቺ ነሽ የተማርሽው።»

ቲልዳ ሠራች። ሲያልቅ በክለቡ ሜዳ፣ በዚያው የካቲት ፀሐይ፣ በፍጥነት መለኪያው ፊት ሃያ ጥይት ተኮሰች፤ አማካዩ መቶ ስልሳ አንድ ነጥብ ሰባት መጣ። ሽጉጡም እጇ ውስጥ እንደ ርግብ ረግቶ ተቀመጠ። ሰባት መቶ ጥይት ሠርታ በሣጥን ዘጋች።

ሐምሌ መጣ። በውድድሩ ዕለት ጠዋት የማራንዱ ሣር በአመዳይ ነጥቶ ነበር፤ ሰዉ መኪናው ውስጥ እግሩን እያማታ ሻይ ይጠጣል። ቲልዳ የመጀመሪያው ሜዳ ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ፍጥነት የሚለካው ሰው መጣ። ኢቮ ይባላል፤ ሽማግሌ ወይን አምራች ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ወይን ጠጅ የነካው ይመስላል።

«ስምንት ስጪኝ፣ የኔ ልጅ።»

ከወገቧ የጥይት ካዝና መዝዛ ስምንት ጥይት አንድ በአንድ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። አራተኛዋ ላይ ጣቷ ቆመ። ጥይቷ በረዶ ሆናለች። ኢቮ ሁሉንም በላስቲክ ከረጢት አሽጎ ስሟን ጽፎ ሄደ፤ ቲልዳ ግን ባዶ መዳፏን እያየች ቀረች።

በሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነበር የለካችው። አሁን ሁለት ዲግሪ ነው። ባሩድ ሲቀዘቅዝ ይሰንፋል፤ አረሩም ይዘገያል። ይህን የማራንዱ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። እሷ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት በበረዶ አገር ስለ ብርድ ተምራለች። ካፖርቷን ለብሳ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ ስለ ራሷ ብርድ አስባ ነበር የመጣችው። ስለ ባሩዱ ግን አንድም ቀን አላሰበችም።

አጥሩ ጋ መርል በታጣፊ ወንበር ተቀምጣለች። ቲልዳን አየቻት፤ ከዚያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ብትናገር ይሻል ነበር።

ቲልዳ እስከ እኩለ ቀን ከስምንቱ ሜዳ አምስቱን ተኮሰች። ጥሩ ተኮሰች፤ አራተኛ ሆና ትመራ ነበር። ከኋላዋ አምስተኛው ጃራድ ነው፤ የክለቡ አለቃ የቤቫን ስትሮድ የልጁ ባል። ጃራድ ጨዋ ልጅ ነው፤ ችግሩ አማቱ ነው። ቤቫን ትራክተር ሻጭ ነው፤ ድምፁም ትራክተር ነው።

«ዶክተር!» አላት በክለቡ በር ላይ፣ ዳቦ ውስጥ የገባ ቋሊማ እየገመጠ። «ኢቮ ይጠብቅሻል። አደራ፣ እዚያ ላይ ስምሽን እንዳናየው።»

በአገጩ ወደ ውስጥ አመለከተ። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የቀርፋፎች ሰሌዳ አለ። በማራንዱ ክለብ የፍጥነት ፈተና የወደቀ ሰው፣ የተፈተነበት ቀለሃና አረር እዚያ ሰሌዳ ላይ በሚስማር ይመታሉ፤ ሥሩ ስሙ ይጻፋል። ሠላሳ ዓመት የቆየ ልማድ ነው። የወደቁት ሁሉ የባርኔጣ መስቀያው የሚጋርደውን ጥግ ይመርጣሉ፤ የቅጽል ስማቸውን በትንንሽ ፊደል ጽፈው ይሄዳሉ። መሃሉ ባዶ እንጨት ነው።

«ስለ ብርድ ዲግሪ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ እኮ እዚህ» አለ ቤቫን፣ አፉ እንደሞላ።

«አዎ» አለች ቲልዳ። «ለዚያ ነው ያፈርኩት።»

ቤቫን ማኘኩን አቆመ።

ኢቮ በድንኳን ጥላ ሥር ሚዛኑንና የፍጥነት መለኪያውን ዘርግቷል። ከስምንቱ አንዷን አወጣ፤ አረሯን ነቅሎ መዘነው። «መቶ ሃያ አራት ግሬን።» ከዚያ በቲልዳ ሽጉጥ ሦስት ተኮሰ። መተንፈሻው ጋዙን ሽቅብ ሲተፋ የድንኳኑ ጨርቅ ሦስቴ ተንቀጠቀጠ። ኢቮ የሒሳብ ማሽኑን ነካካ፤ ቅንድቡ ወረደ።

«መቶ ሃምሳ ስምንት ነጥብ ስድስት።»

ዙሪያው የቆሙት ሰዎች ወደ መለኪያው ጠጋ አሉ። ሕጉ ሌላ ሦስት ይፈቅዳል፤ ከስድስቱ ፈጣኖቹ ሦስቱ ይወሰዳሉ። ኢቮ ሦስቱንም ተኮሰ።

«መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት።»

«ኧረ ተይ» አለ ጃራድ በቀስታ። ከልቡ ነበር።

አንዲት ጥይት ቀረች። ስምንተኛዋን በተመለከተ ምርጫው የተኳሹ ነው። ትተኮስ ካለ ትተኮሳለች፤ ፈጥና ከተገኘች ከዝግተኛዋ ጋር ትለወጣለች። ትመዘን ካለ አረሯ ተነቅሎ ይመዘናል፤ ከመጀመሪያው ከከበደ ሒሳቡ በሱ ይሠራል። አንዱን ብቻ ነው የሚመርጡት፤ ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም።

ቲልዳ በጭንቅላቷ አሰላች። ብትመዘን አረሩ ግማሽ ግሬን መክበድ አለበት፤ አይሆንም አይባልም፣ ግን ጠባብ ነው። ብትተኮስ ከስድስቱም በልጣ መፍጠን አለባት፤ በዚህ ብርድ የማይመስል ነገር ነው።

ኢቮ ስምንተኛዋን ጥይት በሁለት ጣቱ ያዘ። ከድንኳኑ ጥላ ወጣ አለና በጥቁሩ መኪናው ክዳን ላይ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት፣ ቀስ አድርጎ አጋደማት። ብረቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲሞቅ ነው የዋለው።

«አትቸኩይ፣ የኔ ልጅ» አለ፣ እሷን ሳያይ። «ሻይ ጠጪ። አስቢበት። እኔ ዐሥር ደቂቃም እጠብቃለሁ።»

እንዲህ አታድርግ የሚል ጽሑፍ የትም አልነበረም፤ ሁሉም ሰው ግን ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ቤቫን እንኳ ወደ ሌላ ዞሮ የጫማውን ክር ማየት ጀመረ። ዐሥር ደቂቃ በዚያ ክዳን ላይ የቆየች ጥይት የየካቲት ጥይት ትሆናለች። ቲልዳ የሰዎቹን ፊት አየች። ሊያዝኑላት ተዘጋጅተዋል። ከርቀት ለመጣ እንግዳ ወንበር እንደሚለቀቅለት፣ ሊለቁላት።

ለዚህ ነበር ሦስት ዓመት የጠበቀችው? እንግዳ ስለሆነች እንዲምሯት?

«ኢቮ» አለች። «አንሳት።»

«አሁን ነው እኮ ያስቀመጥኳት...»

«ከፀሐዩ አንሳት አልኩህ። ትመዘን።»

«እርግጠኛ ነሽ? ብትተኮስ፣ ትንሽ ቆይታ...»

«አውቃለሁ ትንሽ ብትቆይ ምን እንደምትሆን። ሚዛን ፀሐይ አይሞቅም። መዝናት።»

ኢቮ አንድ ጊዜ ተነፈሰና ጥይቷን አነሳት። አረሯን ነቅሎ ሚዛኑ ላይ አኖረው፤ ቁጥሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ።

«መቶ ሃያ አራት ነጥብ አራት» አለ። የሒሳብ ማሽኑን ሁለቴ መታ፤ ሁለተኛው ጊዜ ለተስፋ ነበር። «መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ዝቅተኛ።»

ወዲያው ነጥቧ እንደገና ተሰላ። በአምስቱ ሜዳ ከመሃል ወጣ ያሉ ጥይቶቿ ሁሉ አንዳንድ ነጥብ ወደቁ፤ ከአራተኛ ወደ ስድስተኛ ወረደች። ሦስት ሜዳ ቀርቷል።

ቤቫን ከውሃ ጋኑ አጠገብ ያዛት። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ ሦስት ሜዳ ያህል ርቆ ተሰማ እንጂ።

«ስሚኝ፣ ለአንቺም ለክለቡም የሚበጀውን ልንገርሽ። አስተናጋጁ እኛ ነን፤ የራሳችን ሰው ፈተና ወደቀ ተብሎ በዝርዝሩ ላይ ሲታይ ደስ አይልም። አንጓዬን አመመኝ በይና ውጪ። ያቋረጠ ሰው ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ሰሌዳውም ላይ አይሰቀልም። ማንም አያስታውሰውም።»

ቲልዳ ቀኝ እጇን ዘርግታ አንጓዋን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዟዟረችው።

«ደህና ነው» አለች።

«በዝቅተኛ ነጥብ ከከፍተኞቹ ጋር ልትፎካከሪ ነው? በዚያ ሽጉጥ? አንቺ ሴትዮ፣ ሒሳብ ታውቂያለሽ እኮ!»

«አውቃለሁ። መሃሉ አምስት ነው።»

«ምን?»

«የመሃሉ ዋጋ ለሁላችንም አምስት ነው ቤቫን። ከመሃል ካልወጣሁ የሚቀነስብኝ የለም።»

«እንዲህ ብሎ የጨረሰ ሰው አላየሁም!»

«አጥሩ ጋ ወንበር አለ። መርል አጠገብ ቁጭ ብለህ እይ።»

ስድስተኛው ሜዳ ላይ ሰዓት ያዡ «ዝግጁ?» ሲል ነፋሱ ከወይን እርሻው በኩል እየጮኸ ነበር። የሰዓቱ ጩኸት እንደተሰማ ከዒላማ ወደ ዒላማ ሮጠች። ሌላ ጊዜ ዒላማው ደብዘዝ ብሎ እንደታያት ቃታ ትስብ ነበር። አሁን የማነጣጠሪያው ቀይ ነጥብ መሃሉ ላይ እስኪቆም ድረስ ያቺን የዓይን ጥቅሻ ያህል ጠበቀች። መጠበቅን ጋራዡ ውስጥ ነበር የተማረችው፤ የሚዛኑ ቁጥር ሳይቆም እጅ አይንቀሳቀስም። ነጥብ ቆጣሪው ከዒላማ ዒላማ እየሄደ ጮኸ። «ሁለት መሃል። ሁለት መሃል። ሁለት መሃል።» በመጨረሻው ካርቶን ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ። «ሁለት መሃል» አለ፣ እየሳቀ።

ሰባተኛው ላይ አንዲት ጥይት ብቻ ከመሃል ወጣች። ስምንተኛው ላይ አንድም አልወጣችም። በዚያን ጊዜ አጥሩ ጋ የሰዉ ቁጥር በዝቶ ነበር፤ ቤቫንም እዚያው ነበር፤ ወንበር ግን አልያዘም፣ ቆሞ ነው ያየው።

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ውጤቱ ተለጠፈ። አራተኛ ጃራድ። አምስተኛ ቲልዳ ኖርክሮስ። ነጥቡ ለፈጀው ሰከንድ ስለሚካፈል፣ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት በአንድ ሜዳ ላይ ከአንድ ሰከንድ ያንሳል።

ጃራድ ቀጥ ብሎ መጣና እጇን ጨበጠ። «በመኪናው ላይ ብትተያት ኖሮ ወንበሩ ያንቺ ነበር» አለ። «እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እተዋት ነበር። ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ወንበሩን እኔ አገኘው ነበር። ጥይቴ ግን አላገኘችውም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«በሐምሌ እለካለሁ። በአመዳይ። መርል ካስገባችኝ።»

«መርል የምታስገባሽ» አለች መርል ከኋላ፣ «መቶ ስልሳ አምስት ካልሽ ነው።»

«መቶ ስልሳ ሦስት።»

«አቤት ግትርነት! አራት ተኩል።»

«መቶ ስልሳ አራት።»

«ይሁን፣ አራት። ሰማዩን ግን ታስፈቅጂዋለሽ።»

ቤቫን መዶሻና ትንሽ ሣጥን ሚስማር ይዞ ወደ ክለቡ ውስጥ ገባ፤ ሰዉ ተከተለው። ኢቮ የስምንተኛዋን ጥይት አረርና መለኮሻው የወጣለትን ቀለሃ በላስቲክ ከረጢት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቤቫን አነሳቸውና ወደ ባርኔጣ መስቀያው ጥግ ሄደ።

«እዚህ ጋ ቦታ አለ» አለ። በዚህ ጊዜ ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረበትም፤ ደግ ሊሆን ፈልጎ ነበር። «ባርኔጣ ሲሰቀል አይታይም። ምን ብለን እንጻፍልሽ? ዶክተር?»

«ስጠኝ» አለች ቲልዳ።

መዶሻውን ከእጁ ወሰደች። መስቀያውን አልፋ የሰሌዳው መሃል ላይ ቆመች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ሚስማር ባልመታበት ባዶ እንጨት ፊት። ከኪሷ ወፍራም ብዕር አውጥታ ቆሞ እንዲነበብ አድርጋ ጻፈች፦ ቲልዳ ኖርክሮስ፣ ማራንዱ። 159.8። ሁለት ዲግሪ። ከዚያ ቀለሃዋን ያዘች፤ ሚስማሩን በመለኮሻው ቀዳዳ አስገብታ መምታት ጀመረች። አንዴ። ሁለቴ።

ሰዉ ተጠግቶ ስሟን እያነበበ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ» አለ ቤቫን፣ መታገስ አቅቶት፣ «እዚያ መሃል ከመታሽው እኮ ለዘላለም ነው የሚታየው።»

የቲልዳ እጅ አየር ላይ ቆመ። አንገቷን መለስ አድርጋ መርልን አየች። መርል ትከሻዋን ሰበቀች፤ የጋራዡ ሕግ ሕግ ነው። ቲልዳ መዶሻውን ገለበጠች፤ ግማሽ የገባውን ሚስማር ነቀለች፤ ጣቶቿ መካከል አቃናችው።

ከዚያ ከሀ ጀመረች።